ለትከሻዬ የተጠራ ደቦ

የልጅ ልጆቼ ስለ ቤቴ ሲያወሩ «የአያታችን ቤት ዕቃ ጡረታ የሚወጣበት ነው» ይላሉ። አልዋሹም። ሳሎኔ ውስጥ ጀርባው እንደ ሞላ ጆንያ የተነፋ ቴሌቪዥን አለ፤ መዝጊያ ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ሳየው ልሳለመው የሚቃጣኝ ዘመንም ነበር፣ ይቅር ይበለኝ። ቡፌው አናት ላይ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ፣ ከሬዲዮው ጎን ካሴት ማጫወቻ፣ በሩ አጠገብ ደግሞ ጣት አስገብተው የሚያዞሩት ጥቁር ስልክ አለ። የስልኩ መስመር ከተቆረጠ ቆይቷል። ግን ሁሉም የየራሳቸው ዳንቴል አላቸው፤ የሠራሁትም እኔው ነኝ። የራሴ አንሶላ መሃሉ ሳስቶ ተረከዜ ያልፍበታል፤ የማይጠራ ስልክ ግን ነጭ ዳንቴል ለብሶ እንደ ሙሽራ ይጎለታል። እዚህ ቤት ውስጥ ማን እመቤት ማን ገረድ እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

እነዚህ ዕቃዎች በደህናው ጊዜ ሲታመሙ መድኃኒታቸውን ሁሉ አውቅ ነበር። ቴሌቪዥኑ ሲንቀጠቀጥ ጎኑን በጥፊ ማለት ነው። የሬዲዮው ድንጋይ ሲደክም አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት፤ ከዚያ ለዜና ያደርሳል። የካሴቱ ክር ተጎልጉሎ ሲወጣ እስክሪብቶ ሰክቶ ቀስ እያሉ መጠቅለል። ስልኩ ሲያስቸግር ደግሞ ዝም ብሎ መተው፤ ራሱ ይመለሳል። ለአንዱ ጥፊ፣ ለአንዱ ፀሐይ፣ ለአንዱ ዕረፍት። ይህን ጥበቤን በዕቃ ላይ ብቻ ባቆመው ኖሮ አሁን የምነግራችሁ ነገር ባልኖረኝ ነበር።

ሐዋሳ የምትኖረው ልጄ፣ ያለችኝ አንድ ሴት ልጅ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቀጭን ቴሌቪዥን ከነዲሹ ልካልኛለች። አልጠላሁትም። ሪሞቱ ግን ከእኔ ጋር አልተግባባም። አንዷን ስነካ ዐረብኛ ይናገራል፤ ሌላዋን ስነካ ሰማያዊ ይሆንና ጭራሽ ይዘጋኛል። ስለዚህ ነጠላ አልብሼው አሮጌው ፊት እቀመጣለሁ። አሮጌው የሚያሳየው በረዶ ብቻ ነው። ትልቁ የልጅ ልጄ «አያቴ፣ የድሮው ማሰራጫ እኮ ቀርቷል፤ አንቴናውን ጨረቃ ላይ ብትሰቅዪው አይመጣም» ብሎ አስረድቶኛል። ራሴን እየነቀነቅሁ ሰማሁት። በሆዴ ግን «አንቴናውን የአባያ ሐይቅ ነፋስ አዙሮብኝ ነው» አልኩ። በረዶው ውስጥ አንዳንዴ የሰው ጥላ የሚመስል ነገር ያልፋላ። ዜና አንባቢው ቢሆንስ ብዬ ሰላም ያልኩትም ቀን አለ።

አንቴናው የታሰረው ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከጨንቻ በጭነት መኪና አናት ጭኖ ባመጣው ረጅም ቀርከሃ ላይ ነው። ሁለታችንም የጨንቻ ሰዎች ነን፤ እሱ ሸማኔ፣ እኔ ፈታይ። ወርደን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ቤት ስንሠራ ቀርከሃው አብሮን ወረደ። በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን ማየት የሁለት ሰው ሥራ ነበር። እሱ ደጅ ቆሞ ቀርከሃውን ያዞራል፣ እኔ መስኮቱ ላይ ሆኜ እናገራለሁ።

«መጣ... ሄደ... ትንሽ መልሰው... አለፍከው እኮ።»

«የቱ ጋ ነው ያለፍኩት?»

«ሰውዬው ሁለት ራስ ያወጣበት ጋ።»

ኳስ ያለ ቀን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ስለሚመጣ ከሳሎን እስከ ደጅ ተሰልፈው «መጣ» የሚለውን እየተቀባበሉ ያደርሱለታል። ቃሉ እሱ ዘንድ እስኪደርስ ሥዕሉ ሄዷል። ያኔ ያናድደን ነበር። አሁን ሳስበው ግን፣ ስንቱ ባልና ሚስት አንድ ቃል ሳይለዋወጥ ሲውል፣ እኛን አንቴናው በየቀኑ ያነጋግረን ነበር።

አሁን አዟሪዋም ተናጋሪዋም እኔው ነኝ። ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት ቀርከሃውን ትንሽ አዞርኩና ገብቼ አየሁ፤ በረዶ። ወጥቼ አዞርኩ፣ ገብቼ አየሁ፤ በረዶ። ቀርከሃውን የያዘው ሽቦ የማንጎው ቅርንጫፍ ላይ ተጠምጥሞ ኖሮ አልዞርልሽ አለኝ። በርጩማ አምጥቼ ወጣሁበት። ሽቦው ሲለቅ እኔም ለቀቅሁ። የወደቅሁት በቀኝ እጄ ላይ ነው። መሬት ላይ ተጋድሜ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ፣ አፍሬ ልንገራችሁ፣ «አሁን ሥዕሉ መጥቶ ይሆናል፤ ማን ገብቶ ይይልኝ» የሚል ነበር።

ሐኪም ቤት የእጅሽ አንጓ ተሰብሯል ተብዬ ጀሶ ተደረገልኝ፤ እጄንም በጨርቅ አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ። ጀሶው ሲነሳ ሐኪሙ «ከእንግዲህ ያንቀሳቅሱት» ብሎኛል። ሰምቼዋለሁ። ግን ዕቃ ሲያስቸግር ማሳረፍ ነው፤ የኔ እጅ ከስልክ ያንሳል? ጨርቁን ሲወስዱብኝ በነጠላዬ አንጠለጠልኩት። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ደጅ ተቀምጬ ትከሻዬን ለፀሐይ እሰጣለሁ። ከጎኔ ሰፌድ ላይ የሬዲዮው ድንጋዮች ተሰጥተዋል፣ እኔም አብሬያቸው ተሰጥቻለሁ። ልዩነቱ ድንጋዮቹ ከፀሐይ ሲነሱ ይሠሩ ነበር።

ግንብ ተጋርታኝ የምትኖር ጎረቤት አለችኝ፤ እንደኔው ከደጋ የወረደች፣ እንደኔው ባሏን የቀበረች፣ እንደኔው ጥጥ ፈታይ። ራሷም «ትከሻዬን፣ ትከሻዬን» ስትል ነው የምትውለው። እሷ ናት ያስታመመችኝ። «ለምን ትንጠራሪያለሽ እቴ» ብላ ሬዲዮውን ከቡፌ አናት፣ ስኳሩን ከመደርደሪያ፣ ፎጣውን ከሚስማር፣ ሁሉን ወደ ጉልበቴ ቁመት አወረደችልኝ። ቤቴ የሕፃናት መዋያ መሰለ። እኔም ደስ ብሎኝ ኖርኩ፣ አንድ ቀን ሻሼን ራሴ ልሰር ብዬ እጄን ሳነሳ አገጬ ጋ ደርሶ ቀጥ እስኪል ድረስ። እንደ ዛገ ማጠፊያ። ብገፋው እንቢ፣ ብለምነው እንቢ። አንጓዬ ድኖ ትከሻዬ ተቆልፏል።

ከዚያ ወዲያ ሻሼን የምታስርልኝ ጎረቤቴ ሆነች። እሷ ደግሞ ሻሽ የምታስረው አህያ ላይ ጭነት እንደሚታሰር ነው። ዓይኖቼ ወደ ጆሮዬ ተስበው ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሰው ሁሉ የተቆጣሁ እየመሰለው ይሸሸኝ ነበር።

ልጄ ደወለች። በትንሿ የእጅ ስልክ ነው፤ ጥቁሩ እንደሆነ ሙሽርነቱ ላይ ነው።

«እማዬ፣ ሻሽሽን ማን ነው የሚያስርልሽ?»

«እኔ ነኛ።»

«ጎረቤትሽን ጠይቄያታለሁ።»

በግራ እጄ ሻሼን ነካ አደረግሁት።

«እንግዲህ ስሚኝ። ለመስቀል እመጣለሁ። ሻሽሽን ማሰር ያልቻልሽ ሰው ብቻሽን አትኖሪም። ቤቱን እናከራየዋለን፣ አንቺ ከእኔ ጋር ሐዋሳ ትሄጃለሽ።»

«ዕቃዎቼስ?»

«የቱ ዕቃ?»

ልጄ ክፉ አይደለችም። ክፉ ብትሆን እኮ እንቢ ማለት ይቀለኝ ነበር። የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ቤቷ ንጹሕ ነው፣ ውሃው ከግድግዳ ይፈሳል። አንድ ክረምት እዚያ ከርሜ አውቀዋለሁ። እግሬ አፈር ሳይነካ ውዬ አድራለሁ። ጎረቤቶቿ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ በትሕትና ሰላም ብለውኝ በራቸውን ይዘጋሉ። ጥጥ ልፍተል ብዬ ብቀመጥ ብናኙ ሶፋው ላይ አረፈ ተብሎ በመጥረጊያ ይከተሉኛል። እዚያ እንግዳ ነኝ፤ እንግዳ ሆኖ መሞትን ደግሞ ፈራሁ። «የቱ ዕቃ» ያለችው ቃል ሳምንቱን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ከረመች። እኔም ከዕቃዎቹ አንዱ መሰልኩኝ፤ ቁም ነገሬ ያለቀ፣ ግን ማንም ለመጣል ያልደፈረው።

ስለዚህ ተመልሼ ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። ትከሻዬን አይቶ ፊዚዮቴራፒ የሚባል ክፍል ላከኝ። ከመሄዴ በፊት ከጎረቤቴ ጋር መከርን።

«ወጌሻ ማለት ነው» አለችኝ። «የተማረ ወጌሻ።»

«ያሻል?»

«ሳያሽ በምን ያድናል? ግን የነሱን ቅባት እንጃ። የራስሽን ይዘሽ ሂጂ።»

ከጨንቻ የመጣ ቅቤ ነበረኝ፤ በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ ጉያዬ ውስጥ አስገባሁ። የጨንቻ ቅቤ ግን የአርባ ምንጭን ፀሐይ አያውቀውም። ባጃጅ ውስጥ ገና የሴቻን ዳገት ሳንጀምር መፍሰስ ጀመረ። ከባጃጁ ስወርድ ቀሚሴ ከደረቴ እስከ ወገቤ ወዝቷል።

መተላለፊያው ላይ ወገቡን ይዞ የተቀመጠ የላንቴ መንደር ገበሬ አገኘሁ። የሙዝ ዘለላ ተሸክሞ ሲነሳ ነው ወገቡን የያዘው።

«እማማ፣ ዛሬ ዶሮ ወጥ ሊሠሩልን ነው እንዴ?» አለኝ አሽትቶ።

«ለመታሻ ነው።»

«የምን መታሻ። እዚህ እኮ በኤሌክትሪክ ነው። ይሰኩዎታል፣ ጢጥ ሲል ተነስተው ይሄዳሉ። እኔ ለዛሬ ብቻ ብዬ ነው የመጣሁት፤ ሙዜ ይጠብቀኛል።»

እሱ ይህን ሲል እኔ ደግሞ በቅቤ የራሰ ሰው ኤሌክትሪክ ቢሰካ ምን ይሆናል ብዬ መጨነቅ ጀመርኩ።

የክፍሉ ባለሙያ ወጣት ሴት ናት፤ በአነጋገሯ የሰሜን ሰው።

«እማማ፣ ምን ይዘው ነው የመጡት?»

«ቅቤ ነው ልጄ። የደጋ ነው፣ አይሸትም።»

«ለእኔ ነው?»

«ለትከሻዬ ነው። ላንቺም ይተርፋል።»

«እማማ» አለችኝ ከንፈሯን ነክሳ፣ «ቅቤውን ወጥ ውስጥ ያድርጉት። እዚህ መታሸት ቢኖርም ለእርስዎ ዋናው እሱ አይደለም። እኔ አሳይዎታለሁ፣ እጅዎን ደግፌ እረዳዎታለሁ። ሥራውን የሚሠሩት ግን እርስዎ ነዎት።»

«እኔ? እኔማ ታማሚዋ ነኝ።»

«እኮ።»

ዙሪያዬን ቃኘሁ። አልጋ አለ፣ ኳስ አለ፣ ዱላ አለ፣ ከጣሪያው ላይ እንደ ጉድጓድ ውሃ መቅጃ የሚሳብ ገመድ ተንጠልጥሏል። የሚሰካ ነገር ግን አላየሁም።

«መኪናው ተበላሽቶ ነው?»

«አንዳንድ ሰው ላይ የምንጠቀምበት አለን። የእርስዎ መድኃኒት ግን ይሄ ነው» ብላ ግድግዳውን አሳየችኝ። በጣት እየተራመዱ መውጣት ነው፤ እንደ ሸረሪት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቅር አለኝ። ግድግዳማ ቤቴም አለ። ለግድግዳ ብዬ ነው ቀሚሴን ያበላሸሁት?

ጣቶቼን አስቀመጥኩና ትንሽ ወጣሁ። አመመኝ፤ ወዲያው አወረድኩት።

«ተበላሸ» አልኳት።

«አልተበላሸም። ሲሳብ አምሞዎት እጅዎን ሲያወርዱ የሚተው ከሆነ አይፍሩት። እንደ ስለት የሚወጋ ከሆነ፣ ወይም ሳይተው ውሎ ካደረ፣ ያን ጊዜ አቁመው ይንገሩኝ።»

ይህን ስትለኝ አፈርኩ። ክር ሲሳብና ክር ሊበጠስ ሲል ያለውን ልዩነት ዕድሜዬን ሙሉ በጣቴ ሳውቅ የኖርኩ ሴት ነኝ። ለጥጥ ያወቅሁትን ለሥጋዬ አላወቅሁለትም። ሕመም ሁሉ አንድ፣ መድኃኒቱም መተኛት ይመስለኝ ነበር።

ቤት የምሠራውን በሥዕል ወረቀት ላይ ሰጠችኝ። ከሥዕሉ ሥር ጽሕፈትም አለው፤ እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፣ ፊደል የለቀምኩት ልጄ ስታጠና ከጎኗ እየፈተልኩ ነው፤ ቀስ ብዬ አነበብኩት። በሌላ ቀን ስመለስ የላንቴውን ሰው ደጅ አገኘሁትና ኤሌክትሪኩ እንዴት ነው አልኩት።

«ምን ኤሌክትሪክ እማማ። በሆዴ አስተኝታ እግርህን አንሳ አለችኝ። አሁንም ተመለስ ብላኝ ይኸው መጣሁ። ለካ መኪናው እኔው ነኝ።»

እሱ ቢያንስ ያን ያህል ገብቶታል። እኔ ደግሞ እቤቴ የሆነውን ስሙ።

በእኛ ደጋ ሰው ሲታመም ሥራው አብሮ አይታመምም። እንሰቷን ሳትፍቅ የወደቀች ሴት እንደሆነች ጎረቤቶቿ ደቦ ወጥተው ይፍቁላታል። ጥጧ ካልተፈተለ ይፈትሉላታል። የታማሚዋ ድርሻ ጋደም ብላ ማየትና መመረቅ ነው። እምቢ እኔው እሠራለሁ ማለት ነውር ነው፤ ሰውን መግፋት ነው። እንግዲህ ጎረቤቴ ወረቀቱን አይታ «ምን አዘዘችሽ?» አለችኝ። ግድግዳውን አሳየኋት።

«ይሄን ሁሉ በዚህ እጅ? ተይ፣ ተቀመጪ። እኔ እሠራልሻለሁ።»

እዚህ ላይ መሳቅ ነበረብኝ። አልሳቅሁም። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ተቀመጥኩ። ከልቤ ነው የተቀመጥኩት፤ ስንፍናም ነበረበት፣ ግን አንዳች ነገር ይደርሰኛል ብዬም አስቤ ነበር። የሰው ደቦ ሳይደርሰኝ ቀርቶ አያውቅማ። ወሬው ተሰማና ሌሎች ፈታዮችም መጡ። ጠዋት ጠዋት የግቢዬ ግንብ ላይ የሴት ጣት ተደርድሮ ይወጣል ይወርዳል። እኔ ጥላ ሥር ሆኜ በግራ እጄ ቆሎ አቀብላለሁ፣ እመርቃለሁ። በደጅ የሚያልፈው ሰው ግንቡ ተሰንጥቆ የሚፈትሹ መስሎት ይቆማል። «በርቱ፣ ከፍ አድርጉት» እላለሁ እኔ ደግሞ። አዛዥ ሆኜላችኋለሁ።

ባለሙያዋ ትከሻዬን ለክታ ግንባሯን ቋጠረች።

«ምንም ለውጥ የለውም። እማማ፣ ቤት ሠርተዋል?»

«ተሠርቷል።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ማን ነው የሠራው?»

«ጎረቤቶቼ። ከልባቸው ነው የሠሩት፤ አንዷማ ላብ በላብ እስክትሆን።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሳቋን ለመያዝ ሞከረች፣ አልያዝልሽ አላት፤ ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ከኋላ እያየሁ ትከሻ ማለት እንዲህ ነው፣ እንዴት ይታዘዝላታል አልኩ።

«እማማ፣ ጎረቤትዎ ክኒን ቢውጡልዎ እርስዎ ይድናሉ?»

«አይ፣ እሱስ...»

የነጠላዬን ጫፍ አስተካከልኩ።

«ግን የጎረቤቴ ትከሻ ድኗል» አልኳት። እውነቴን ነው። ያቺ «ትከሻዬን» ስትል የነበረች ሴት አሁን ልብስ የምታሰጣው በላይኛው ገመድ ላይ ሆኗል።

«አዩ፣ ለሠራው ሰው ይሠራል ማለት ነው። ነጠላውን ከአንገትዎ ያውልቁት። ደግሞ ልጠይቅዎ፣ ቤት ውስጥ የሚፈልጉት ዕቃ የት የት ነው የሚቀመጠው?»

ሁሉም ወደ ጉልበቴ መውረዱን ነገርኳት፤ የጎረቤቴን ደግነት ታመሰግናለች ብዬ። «ሰው ያንሳልዎትና ሁሉም ወደ ቦታው ይመለስ» አለችኝ። «ሬዲዮውን በዚህ እጅ ይክፈቱት፣ ስኳሩን በዚህ እጅ ያውርዱት።»

ያኔ የራሴ ሊቅነት መጣብኝ። ድሮ ጣቢያ ለመቀየር ተነስተን ነው፣ ስልክ ለመደወል ጣታችንን አዙረን ነው፣ በከሰል ካውያ ስንተኩስ እንኳ ክንዳችን ይወዛወዝ ነበር፤ ሰውን ያደረቀው ይሄ ሪሞት የሚሉት ነገር ነው ብዬ ተነተንኩላት።

«እማማ፣ ሪሞቱን አልነካም ብለውኝ አልነበር? እርስዎን ያደረቀዎ ነጠላው ነው።»

ቤቴ ስመለስ ደቦው ተለወጠ። ሴቶቹ የየራሳቸውን ይወጣሉ፣ እኔ የራሴን። ጎረቤቴ ከኋላዬ ቆማ ተመልካች ሆነች፤ ባለሙያዋ «ክንድዎ ሳይሆን ትከሻዎ ወደ ጆሮዎ እየወጣ ያታልልዎታል» ስላለችኝ እሷ ጠባቂ መሆኗ ነው።

«ትከሻሽ ወጣ። አውርጂው... አሁን ጥሩ... ወጣ ደግሞ... አለፍሽው እኮ።»

ግድግዳው ላይ ግንባሬን አስደግፌ፣ ላቤ እየወረደ፣ ባለቤቴን አሰብኩት። ያ ሰው ስንት ዓመት ቀርከሃ አቅፎ የኔን «አለፍከው እኮ» ሲሰማ ኖረ። አንድ ቀን እንኳ ቀርከሃውን ጥሎ አልገባም። እኔ ጎረቤቴን በሁለተኛው ሳምንት ሰድቤያታለሁ።

ሬዲዮው ወደ ቡፌው አናት ተመለሰ። መጀመሪያ ሰሞን ዜናው ሲጀምር እጄን መስደድ እጀምራለሁ፣ ቁልፉ ላይ ስደርስ አየር ጠባዩን እየተናገሩ ነው። ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ ግን የውጭ አገሩ ዜና ላይ መድረስ ጀመርኩ። ስኳሩ ሁለቴ ራሴ ላይ ፈሷል። ጉንዳኖቹ ምስክሬ ናቸው።

መስቀል ሲቃረብ ባለሙያዋን «ሻሼ ይደርሳል?» አልኳት።

«ወደ ላይ በደንብ እየመጣ ነው። ወደ ኋላ የሚዞረው ግን ይቆያል፤ ልዋሽዎት አልችልም።»

ሻሽ የሚቋጠረው ደግሞ ከኋላ ነው። የሚዋሽ ባለሙያ ባገኝ ተመኘሁ።

ልጄ ለመስቀል ዋዜማ መጣች። ስማኝ ሳትጨርስ ዓይኗ ቡፌው ላይ ወጣ።

«ይሄን ሁሉ ማን ነው እላይ የሰቀለው? በዚህ እጅሽ?» ብላ ሬዲዮውን ልታወርድ ተነሳች።

«ተይው፣ መድኃኒት ነው።»

«ምን?»

«የታዘዘልኝ ነው እልሻለሁ።» አላመነችኝም። የእኔን መድኃኒቶች ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃቸዋለች።

በበዓሉ ጠዋት ወደ ጨንቻ ልንወጣ ልብስ ለበስን። ልጄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ቃሏን እንዳልረሳች ከአቀማመጧ አወቅሁ። መስታወቱ ፊት ቆምኩ። ሻሹን ጣል አድርጌ ግራ እጄን ወደ ኋላ ሰደድኩ፤ እሱ ጤነኛ ነው። ቀኙ ተነሳ፣ አገጬን አለፈ፣ ጉንጬን አለፈ፣ ጆሮዬ ላይ ደረሰና ቆመ። ጎተትኩ፤ ሻሹ ተንሸራቶ አፍንጫዬን ሸፈነኝ። ከሻሹ ውስጥ ሆኜ ልጄ ስትስቅ ልሰማ ጠበቅሁ። አልሳቀችም። ይህ የባሰ ነው።

እንደገና ጀመርኩ። አሁን አንገቴን ሰበር አድርጌ ራሴን ወደ እጄ አወረድኩለት።

«እማዬ፣ እጅሽ አልወጣም እኮ፤ ራስሽ ነው የወረደው።»

«ራሴም የኔው ነው።»

ጫፎቹ ከጆሮዬ ጀርባ ተገናኙልኝ፤ አንዴ ጠመዘዝኩ፣ ሳብኩ፣ ቋጠርኩ። መስታወቱን አየሁ። ሻሹ ታስሯል። ቋጠሮው ግን ከጆሮዬ ጎን እንደ ፍየል ቀንድ ቆሟል። ልጄ ተነስታ መጣች። እጇ ወደ ቋጠሮው ተዘረጋ፣ ጫፉን ነካ አደረገች፣ ከዚያ መልሳ ሰበሰበችውና «እንሂድ፣ መኪናው ይሞላብናል» አለችኝ።

ዳገቱን ስንወጣ አንድ ቃል አልተናገረችም። ከታች የአባያና የጫሞ ሐይቆች እየራቁ ሲሄዱ በመስኮት ታያለች። ዝም ስትል አባቷን ነው የምትመስለው፤ እሱም ዝም ብሎ ቆይቶ የተናገረውን ነገር መልሶ አያነሳውም ነበር። እኔ በሆዴ የትኛውን ዕቃ ሐዋሳ ይዤ ብሄድ ትናደዳለች፣ የትኛውን ትታገሠኛለች እያልኩ መምረጥ ጀምሬ ነበር። የትኛውንም አትታገሠኝም።

ጨንቻ ዘመድ ሁሉ በጋሞኛ «ዮ ማስቃላ» እያለ፣ እንኳን ለመስቀል አደረሳችሁ ማለት ነው፣ ተቀበለን። ቅዝቃዜው፣ ቅቤው፣ ሥጋው፣ የልጆች ጩኸት። የባለቤቴ እህት ስማኝ ወደ ኋላ አለችና ራሴን ተመለከተች።

«ሻሽሽ ጠሟል እኮ። ነይ ላስተካክልልሽ» ብላ በቅቤ የራሰ ጣቷን ሰደደች።

«ተዪው አክስቴ» አለች ልጄ። «ራሷ ናት ያሰረችው።»

«ራሷ እንዳሰረችውማ ያስታውቃል። ለዚህ አይደል የጠመመው?»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ዓይኔ ልጄ ላይ ነው።

«ይጥመም» አለች ልጄ፣ ሥጋውን እየቆረሰች፣ ወደ እኔም ሳታይ። «እስከ ፋሲካ ታቀናዋለች። እቤቷ ግድግዳ ሞልቷታል።»

እቤቷ ነው ያለችው፤ ሐዋሳ አላለችም። ማንም ልብ አላለውም፤ ጨዋታው ወደ ሌላ ሄደ። እኔ ግን ጉርሻዬን ይዤ ቀረሁ፣ አክስቷ «ምነው ጥርስሽም ተቆለፈ እንዴ?» እስክትለኝ።

ቋጠሮው ቀኑን ሙሉ ጆሮዬን ሲቆረቁረኝ ዋለ። ላላው ብዬ ብዙ ጊዜ እጄን አንስቻለሁ። ግን ፈታሁት ማለት መልሼ ማሰር ነው፣ ያ ሁሉ ዘመድ እያየኝ። ስለዚህ ቻልኩት።